የማሜ ኮናዱ ፊደላት

ፖኩዋ ከሰው ፊት ይልቅ ፊደል ቀድሞ የሚታያት ልጅ ነበረች። ኩማሲ ከተማ፣ አዱም ውስጥ፣ ማተሚያ ቤቶች በተደረደሩበት ቅያስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የቀብር ፖስተር፣ የሠርግ ጥሪና የፊልም ማስታወቂያ ትሠራለች። ሥራ ቀዝቀዝ ሲልላት ደግሞ ለኮምፒውተር የሚሆን አዲስ ፊደል ትቀርጻለች። ደንበኛ ገብቶ ሰላም ሲላት እሷ ቲሸርቱ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ነው የምትመልሰው። ኦዱሮ በሯ ላይ የቆመ ዕለትም ቁመናውን፣ ጥቁር ሱፉን፣ የጠበቃ ቦርሳውን አላየችም። ያየችው በእጁ የያዘውን ወረቀት ነው።

«ይሄን ከየት አመጡት?» አለችው፣ ለሰላምታው እንኳ መልስ ሳትሰጥ።

«እናቴ የጻፈችው ነው» አለ። «ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ለመታሰቢያዋ በሚታተመው መጽሔት ላይ አንድ ገጽ በእሷ ፊደል ይጻፍልኝ ብዬ ነበር። ታይፑ የለም፣ ዝናብ በላው። የቀሩት ወረቀቶቹ ናቸው። እርስዎ ፊደል ይሠራሉ ሲሉኝ መጣሁ።»

ፖኩዋ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። በታይፕ በላቲን ፊደል የተመታ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ክቡ ፊደል ሆዱ በቀለም ተሞልቶ ጥቁር ዘር መስሏል። መስቀል የመሰለው አንድ ክንፉ ተቆርጧል። የታይፑ የቀለም ሪባን ሲያልቅበት መስመሩ እየገረጣ ሄዶ፣ ተቀይሮለት እንደገና ደምቋል። አንዲት ፊደል ግን በደመቀውም በገረጣውም መስመር ላይ ሁልጊዜ የሳሳች ናት፤ ወረቀቱን ነክታ የተመለሰች ያህል።

«ይቺ ለምን ደከመች?» አለች ወረቀቱን ዐይኗ ሥር አድርጋ። «ታይፑ ተሰብሮ ነው?»

«ጣቷ ነው» አለ ኦዱሮ። «ልጅ ሆና ለእራት ፉፉ በሙቀጫ ሲወቀጥ ስታገላብጥ ዘነዘና መታት። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ከዚያ ወዲያ ጉልበት አልነበራትም። ያቺን ፊደል የምትመታው በእሷ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ፖኩዋ ቀና ብላ ያየችው። ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የወደቀ፣ ዐይኖቹ የሚለምኑ መሆናቸውን ራሱ የማያውቅ ሰው ነበር።

«አጎቴ መጽሔቱ በወርቅ ቀለም ይጻፍ ብሏል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይጻፍ፣ አልከለክልም። ግን በወርቅ ፊደል ስሟን ሳየው እናቴን አላገኛትም።»

«ወረቀቶቹን ሁሉ ያምጡልኝ» አለች ፖኩዋ።

* * *

የኦዱሮ እናት ማሜ ኮናዱ በወጣትነቷ ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ የኒም ዛፍ ሥር ታይፕ ዘርግታ ለባለጉዳይ አቤቱታ የምትጽፍ ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሟን አሲያማን በዚያ ዛፍ ሥር በምታገኘው አስተማረችው። አሲያማ አድጎ ትልቅ የእንጨት ነጋዴ ሆነ፤ ንሂያኤሶ ሰፈር ውስጥ በረንዳው ብቻ የሰው ሙሉ ቤት የሚያህል ቪላ ሠራ፤ እህቱንም ከዛፉ ሥር አንስቶ እዚያ አስገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዛፉ ማንም በፊቱ አያነሳም። ኮናዱ ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ባንታማ ላለው ቤተ ክርስቲያኗ የአሮጊቶች መዝሙር ቡድን ብቻ ነበር። ልጇ ኦዱሮ ደግሞ፣ በአሻንቲ ወግ የእናት ወንድም ቃል ከአባት ቃል ስለሚበልጥ፣ «ዎፋ» ብሎ በሚጠራው በዚህ አጎቱ እጅ አደገ።

ፖኩዋ ወረቀቶቹን ስካነር ላይ እያነጠፈች ፊደላቱን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ከእያንዳንዱ ፊደል የደመቀውን፣ መካከለኛውንና የገረጣውን መረጠች፤ ኮምፒውተሩ እያፈራረቀ እንዲያወጣቸው። ማሜ ኮናዱ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ መትታው አታውቅማ!

ጎረቤቷ ያለው አታሚ መጥቶ አንገቱን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያያል።

«አንቺ ልጅ፣ ጥርት ያለ ፊደል በነፃ ሞልቶ ይሄን ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል?»

«ያረጀ የታይፕ ፊደል ሰው እንዴት እንደሚወደው አታውቅም? የምርመራ ፊልም ፖስተር፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የቸኮሌት መጠቅለያ፣ የምግብ ቤት ሜኑ…»

«እሱማ ተሠርቶ ተቀምጧል። ከኢንተርኔት አውርጂው።»

«እሱ በኮምፒውተር የተፋቀ ነው። ቀድደው እንደሚሸጡት አዲስ ጂንስ።» ከስክሪኑ ላይ ዐይኗን አልነቀለችም። «ይሄኛው በኑሮ ነው ያለቀው።»

ኦዱሮ ከችሎት ሲወጣ በዚያ ማለፍ ልማዱ ሆነ። ፍም ላይ የተጠበሰ ሙዝና ለውዝ በጋዜጣ ይዞ ይመጣና ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ያያል። አንድ ቀን ለውዙን ስታቀብለው «እንካ» አለችው፤ «እንኩ» ማለት እንዳለባት ረስታ። ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም አላረሙትም።

ፊደሉ ያለቀ ዕለት ፖኩዋ ከወንበሯ ተነስታ «አንተ ተቀመጥ። የመጀመሪያውን ቃል አንተ ጻፍ» አለችው።

ኦዱሮ ምን እንደሚጽፍ አላሰበም። በአንድ ጣቱ አምስቱን ፊደላት እየፈለገ «ኳኩ» ብሎ ጻፈ። ረቡዕ ለተወለደ ወንድ የሚወጣ የቤት ስም ነው፤ እንደዚያ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች። ፊደላቱ አንድ በአንድ ነጩ ላይ ወጡ። መጀመሪያው ደምቆ፣ ቀጣዩ ትንሽ ጋደል ብሎ፣ ከዚያ ያቺ በትንሿ ጣት የምትመታው ፊደል፣ ሳስታ፣ እንደ ትንፋሽ።

ኦዱሮ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሳበ።

«ጠራችኝ» አለ።

እነዚያን ፊደላት በመርፌ ጫፍ ሲለቅሙ የከረሙት የፖኩዋ የራሷ እጆች ናቸው። የቱ ጭረት ከየትኛው ወረቀት እንደመጣ ታውቃለች። ሆኖም አይታት የማታውቃት አንዲት ሴት በዚያች ጠባብ ክፍል በር ገብታ ልጇን በስሙ ስትጠራ በጆሮዋ የሰማች መሰላት፤ ቦታ ለመልቀቅ ያህልም ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«ያልሞከርናቸው ሁለት ፊደላት ይቀራሉ» አለች ቀስ ብላ። የእንግሊዝ ታይፕ የእነሱን ቋንቋ ሁለት ፊደላት አያውቅም፤ ማሜ ኮናዱ ክፍት ቦታ እየተወች በኋላ በእስክሪብቶ ነበር የምትሞላቸው። ፖኩዋ እንዳሉ፣ ከነእጅ ጽሑፋቸው ነው ያስቀመጠቻቸው። «ከሁለቱ አንዷን በምን ቃል እንሞክራት?»

ኦዱሮ አሰበ። ከዚያ ሦስት ቁልፍ ነካ። ስክሪኑ ላይ «ኦዶ» የሚል ቃል ወጣ። በእነሱ አፍ ፍቅር ማለት ነው። ዳርና ዳሩ በሴት እጅ በእስክሪብቶ የተሳለ፣ አፉን ወደ ግራ የከፈተ ግማሽ ክብ፤ መሃሉ ታይፕ የመታው።

ቃሉ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ የሚያጠፋው አልተገኘም።

* * *

ኦዱሮ ፖኩዋን ለአጎቱ ሊያስተዋውቃት ወደ ንሂያኤሶ ይዟት ሄደ። ዎፋ አሲያማ በትልቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአንቲ ማንሳ። አሳፎ ሰፈር የያም ሥር የምትጠብሰው።»

«መንገድ ዳር?»

«አዎ፣ መንገድ ዳር።»

ሽማግሌው ከእሷ ጋር ንግግራቸውን ጨረሱ። ፊታቸውን ወደ ኦዱሮ መለሱና «እህቴን ከመንገድ ዳር ያነሳኋት ልጇ ተመልሶ እንዲወርድ አይደለም» አሉ።

ፖኩዋ ደረጃውን ስትወርድ አላለቀሰችም። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ኦዱሮ እጇን ያዘ፤ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

በዚያው ሰሞን ማሜ ፎሪዋ፣ የመዝሙር ቡድኑ መሪ፣ ሁለት አሮጊት አስከትለው የፖኩዋን ክፍል ሞሉት። ከኦዱሮ ስለ ፊደሉ ሰምተዋል።

«ልጄ፣ ኮናዱ ከሞተች ወዲህ መዝሙሩን በዚህ በአዲሱ የኮምፒውተር ፊደል ነው የሚሰጡን» አሉ ማሜ ፎሪዋ። «አይወጣልንም። ድምፃችን ይጠፋል።»

«ፊደልና ድምፅ ምን አገናኛቸው፣ ማሜ?»

«እኔ ምን አውቄ! ይቺ ግን» አሉ አንዷን ጓደኛቸውን በክርናቸው እየጎሸሙ «ያለ ኮናዱ ወረቀት አልዘምርም ብላ ቀርታለች። እንደ ሙሽራ ልመና ትፈልጋለች።»

«ዐይኔ ለምዶት ነው!» አለች ተጎሻሚዋ። «የኮናዱን ወረቀት ስይዝ ኮናዱ አጠገቤ የቆመች ነው የሚመስለኝ።»

ፖኩዋ እንዴት እምቢ ትበል? ፊደሉን በፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻቸው። ለኦዱሮ እነግረዋለሁ ብላ አሰበች፤ ደስ ይለዋልም አለች። ከዚያ ሥራ በዛና ሳትነግረው ቀረች።

ፍላሹ ከቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው ወደ ወንድሙ ልጅ፣ ከእሱ ወደ ስቲከር ሠሪዎች፣ ከእነሱ ወደ ሁሉም ሄደ። ዝናቡ ሲጀምር የማሜ ኮናዱ ፊደላት በኩማሲ ጎዳና ላይ ነበሩ።

* * *

ዎፋ አሲያማ አዱም ድረስ በእግራቸው ገብተው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን እንደ ኩታ የሚለበሰውን ሰፊ ጨርቃቸውን አጣፍተው፣ ኦዱሮን አስከትለው፣ በማተሚያ ቤቶቹ ቅያስ መጡ። ስልካቸውን ለፖኩዋ ዘረጉላት። ከቤታቸው መታጠፊያ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ማስታወቂያ ፎቶ ነው።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

ፖኩዋ ፎቶውን አየች። «የእህትዎ።»

«አንብቢልኝ።»

«ዎ… ጌታዬ…»

«አንብቢልኝ እንጂ!»

«የሥር አረቄ ማስታወቂያ ነው። ‹ወገብ ያጸናል፣ ትዳር ያቆያል› ነው የሚለው።»

ከጎረቤት ክፍሎች የታፈነ ሳቅ ተሰማ። የሽማግሌው ፊት ተቀያየረ።

«እህቴ በሕይወቷ ስለ ወንድ ወገብ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም! ከአደባባይ አወጣኋት፤ አንቺ መልሰሽ ለአላፊ አግዳሚ አሰጣሻት!» ሌላም ሊናገሩ ነበር፤ ድምፃቸው ተሰበረባቸው። ዞረው ሄዱ።

ኦዱሮ ቀረ። ሳቁ ጸጥ ብሏል።

«ለማን ሰጠሽው?»

«ለማሜ ፎሪዋ። ለመዝሙር ቡድኑ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፣ ኦዱሮ። ሲለምኑኝ ብታያቸው…»

«እኔንስ መጠየቅ አትችዪም ነበር?»

ፖኩዋ ዐይኗን ወደ ኮምፒውተሩ አሸሸች።

«እናቴ ናት እኮ» አለ። በቁጣ ቢለው ይሻላት ነበር። እንደሚጠይቅ ሕፃን ነው ያለው። ከዚያ እሱም ወጣ፤ ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ፖኩዋ ተከትላው ሄዳ ማስረዳት ፈለገች፤ ግን አልደፈረችም። ደብዳቤ ጻፈችለት። ስለ አሮጊቶቹ፣ ስለ ጥፋቷ፣ እሱ ከቀረ ወዲህ ክፍሏ እንዴት እንደጨለመ። ስታትም ምንም ሳታስብ፣ ከሁሉ የምትወደው ፊደል ስለሆነ፣ በማሜ ኮናዱ ፊደል አተመችው።

ኦዱሮ ፖስታውን በቢሮው ከፈተ። እናቱ ጽፋለታለች። «ይቅር በለኝ» ትለዋለች። «ናፍቀኸኛል» ትለዋለች። ያቺ የደከመች ፊደል በየቃሉ ውስጥ ትተነፍሳለች። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ ከዚያ ተቀመጠ፤ ከዚያ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ደብዳቤው በማግስቱ ለፖኩዋ ተመለሰ። ከግርጌው በኦዱሮ እጅ አንድ መስመር ተጽፎበታል፦ «እናቴ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ነገር የላትም።»

ፖኩዋ ደጋግማ አነበበችው። የሞተች ሴት ድምፅ ለብሳ ልጇን እንዳናገረችው ያን ጊዜ ገባት። ኮምፒውተሩን አጠፋች። የሠራችው ነገር ከእሷ በላይ ሆኖ ክፍሉን የሞላው መሰላት፤ እዚያው መቀመጥ ፈራችና በሩን ቆልፋ ወደ እናቷ ሄደች።

* * *

ኦዱሮ በኬጄቲያ ገበያ ዳር በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ተይዟል። ፀሐዩ ጣሪያውን ያግላል፤ ውሃ የሚሸጡ ሴቶች ሳፋቸውን በራሳቸው ተሸክመው በመኪናዎቹ መሃል ያልፋሉ። እሱ የችሎት ሰዓት አልፎበት ጥሩምባውን ይነፋል። ከፊቱ አንድ አሮጌ ትሮትሮ፣ የሕዝብ ሚኒባስ፣ ቆሟል። የኋላ መስታወቱ ላይ ተጽፏል፦

«ቀስ በል፣ ልጄ።»

የኦዱሮ እጅ ጥሩምባው ላይ ቀረ።

ሲናደድ የከረመበት ፊደል ነው። ማስታወቂያውን ካየ ወዲህ በከተማው ሲያልፍ ፊቱን ሲያዞር ቆይቷል። አሁን ግን ማዞሪያ የለም፤ ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ዐይኑ ወደ ጎን ሄደ። የፀጉር ቤቱ ሰሌዳ ላይ አለች። በዱላ በተሰቀለው ቲሸርት ላይ አለች። በሚመጣው ወር ስለሚታየው ቲያትር በአጥሩ ላይ በተለጠፈው ፖስተር፣ በሩዝ ሻጯ ጃንጥላ፣ ሕፃናት በሚማሩበት ቤት ግድግዳ ላይ፤ ሁሉም ቦታ ያቺ ትንሽ ጣት ነክታ አልፋለች፣ ሁሉም ቦታ ሳስታ። እናቱ ከቤቷ፣ ከባንታማና ከአዱም አልፋ አትሄድም ነበር። አሁን ከተማውን ሙሉ ትጽፋለች። ለማታውቀው ሰው ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ ልጁ ትምህርት ታወራለች። ሰው ደግሞ ቆሞ ያነብባታል።

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወደ ትሮትሮው ረዳት ቀረበ።

«ወንድም፣ ይሄን ማን ጻፈላችሁ?»

«ምነው? ፖሊስ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ጠበቃ ነህ። በዚህ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ስማ፣ ሹፌሩ ነው የለጠፈው፤ ከከሰስክ እሱን ክሰስ።»

«አልከስም። ፊደሉን ለምን መረጠው ብዬ ነው።»

ረዳቱ ሸሚዙን እያራገበ ሳቀ። «መጀመሪያ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር የለጠፈው። ማንም ዞር ብሎ አላየው። ይሄ ከተለጠፈ በኋላ ግን፣ አንድ ቀን እዚህ ቆመን አንድ ሽማግሌ አነበቡትና ‹እሺ› ብለው ሄዱ። በእናቴ! መለሱለት እኮ! ለመስታወት!»

ከኋላ ጥሩምባው በረከተ። ኦዱሮ ወደ መኪናው ተመልሶ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። እንባው አገጩ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጠረገውም።

«እሺ» አለ። «እሺ፣ እማ።»

* * *

የፖኩዋ እናት አንቲ ማንሳ ያሙን ዘይቱ ውስጥ እያገላበጠች ገና ከሩቅ አየችው።

«ጠበቃው መጣ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዛሬ ማንን ልትከስ ነው? እኔን ከሆነ በርበሬዬ ብዙ አያቃጥልም፣ ምስክር አለኝ።»

ፖኩዋ ከወፍጮ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ በርበሬ ትፈጫለች። ቀና አላለችም።

«የአረቄውን ማስታወቂያ ሄጄ ለምኜ አስወርጄዋለሁ» አለች ወደ መሬት። «ሌላውን ግን ማስመለስ አልችልም። ከተማው ይዞታል።»

«አታስመልሺው» አለ ኦዱሮ።

እጇ ድንጋዩ ላይ ቆመ።

«ደብዳቤሽን መለስኩብሽ» አለ። «ሌላ ጻፊልኝ። በራስሽ እጅ።»

«የእጅ ጽሑፌን አይተኸው አታውቅም። ዶሮ የረገጠው ነው የሚመስለው።»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«እውነቷን ነው!» አለች አንቲ ማንሳ ከዘይቱ ላይ። «ቀኑን ሙሉ ፊደል ስትቀርጽ የምትውል ልጅ፣ አስተማሪዋ በጽሕፈቷ ስንት ጊዜ አስጠርቶኛል።»

ኦዱሮ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ዘረጋላት። ፖኩዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ያም ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ዳር ቀደደች፤ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ሰጠችው። ኦዱሮ ወረቀቱን አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ ጎን አዘነበለው።

«‹ሳልጠይቅህ ሰጠሁ› ይላል። ይቺኛዋስ? ምንድን ናት? አልተነበበችኝም።»

«ተወው በቃ።»

«እንዴት እተወዋለሁ? ምን ይላል?»

ፖኩዋ ዙሪያዋን አየች። መንገደኛው ያልፋል፣ ዘይቱ ይንጣጣል፣ እናቷ ጆሮዋን አቁማ ወደ ሌላ ቦታ ያየች ትመስላለች። ይህን ቃል በማንም ፊደል ጽፎ ማምለጥ አይቻልም ነበር።

«‹ናፍቀኸኛል› ነው የሚለው» አለች።

ኦዱሮ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ድገሚው» አለ። እና ደገመችው፤ በዚህኛው ጊዜ ዐይኑን እያየች።

* * *

የመታሰቢያው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በነጭና በጥቁር ጨርቅ ተሞላ። ዎፋ አሲያማ ከቤተሰቡ ጋር በፊተኛው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ በወርቅ ፊደል የታተመው መጽሔት ጉልበታቸው ላይ ነው። ኦዱሮ አጠገባቸው ነው። «ነይ ከእኔ ጋር ተቀመጪ» ቢላት ፖኩዋ አልቀበልም ብላ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

የመዝሙር ቡድኑ አሮጊቶች ወጡ። በማሜ ኮናዱ ፊደል የታተመ የመዝሙር ወረቀት ታደለ። ማሜ ፎሪዋ ማንንም ሳያስፈቅዱ አንዱን ወስደው በሽማግሌው እጅ ላይ፣ በወርቁ መጽሔት ላይ፣ አስቀመጡት።

ዎፋ አሲያማ አላነሱትም፣ አልጣሉትምም። ዝማሬው ተጀመረ። አንዷ አሮጊት ጥሪውን አወጣች፣ ሌሎቹ ከሥር ተቀበሏት፤ ዓመት ሙሉ የታሰረ ድምፅ እንደተፈታ ግድግዳውን ሞላው። ፖኩዋ ከኋላ ሆና የሽማግሌውን ማጅራት ታያለች። አውራ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ ሲያስኬዱ አየች። ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባውንም ዳሰሱት። እንደገና ገለበጡት። ዐይን እንደሌለው ሰው በጣታቸው የሚፈልጉት ነገር ነበር፤ አላገኙትም።

ተነሡ። በዝማሬው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ በመተላለፊያው ወደ ኋላ መጡ። ኦዱሮ ግማሽ ተነሥቶ ቀረ። ሽማግሌው ፖኩዋ ፊት ቆሙ።

«ለስላሳ ነው» አሉ።

አልገባትም።

«እሷ ስትመታው ወረቀቱ ይጎደጉድ ነበር። ጀርባው ይነካል።» የወረቀቱን ጀርባ ገልብጠው አሳዩአት። «ትንሽ ልጅ ሆኜ ዛፉ ሥር እግሯ አጠገብ ተቀምጬ እውል ነበር። የጻፈችውን ትሰጠኝና ከጀርባው በጣቴ እዳስሰው ነበር። ማንበብ ሳልችል በፊት በጣቴ ነው ያነበብኳት። በኋላ ሀብት መጣ… ‹ተይው፣ ዛፉን ተይው› አልኳት። ተወችልኝ። አንድ ቀን እንኳ ‹ለምን› አላለችኝም።»

«እሱን ማምጣት አልቻልኩም፣ ዎፋ» አለች። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። «ዐይን የሚያየውን ብቻ ነው የያዝኩት። የእጇን ክብደት አላገኘሁትም።»

ሽማግሌው «ዎፋ» መባላቸውን ሰሙ። ፖኩዋ መስማታቸውን አየች፤ ይቅርታ ልትጠይቅም ነበር።

«እዚህ ምን ያቆምሻል?» አሏት።

«ቦታዬ ነው ብዬ…»

እጇን ያዙ። የሽማግሌ እጅ ደረቅና ሞቃት ነበር። በመተላለፊያው ይዘዋት ወደ ፊት ሄዱ፤ አሮጊቶቹ ድምፃቸውን አልቀነሱም፣ እንዲያውም ጨመሩ። ፊተኛው አግዳሚ ጋ ሲደርሱ ቤተሰቡ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጠጋ በሉ» አሉ ዎፋ አሲያማ። «ጠጋ በሉ እንጂ፤ አንድ ሰው ቀርቶን ነበር።»

ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ተጠጋጋ። ፖኩዋ በሽማግሌውና በኦዱሮ መሃል ተቀመጠች። ኦዱሮ ፊት ለፊቱን እያየ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶታል፤ ትንሽ ቢዞር እንባው እንደሚያመልጠው ታውቅ ነበርና እሷም አላየችውም። የሽማግሌው ከባድ ጨርቅ ጫፉ ተንሸራቶ ጉልበቷ ላይ አረፈ። አላነሱትም። እሷም ሳትነካው፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ከሥሩ ተቀመጠች።